የድሮ ስፖርት መኪና ሞተር ስታሳድሱ ልትሠሯቸው የማይገቡ ስህተቶች

"ይሄ ሞተር አልቆለታል፣ ይውረድ!" አዲስ አበባ የመኪና ዕቃ ሰፈር ሶማሌ ተራ ኮፈን ከፍቶ ለቆመ ሰው ይህ ፍርድ በነጻ ይታደላል። መኪናው እንደ ፊያት 124 ስፓይደር ያለ የድሮ ስፖርት ከሆነማ ፈራጁ ይበዛል።

የመጀመሪያው ስህተት የውጭ መጽሐፍ ቁጥር ይዞ መፍረድ ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። አዲስ አበባ መሃል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። የኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ አየሩ ሲታመቅ የሚፈጠረው ግፊት) መለኪያውም አብሮ ይወርዳል። ጅቡቲ ወደብ ላይ 150 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር ፒያሳ ላይ 115 ገደማ ቢያሳይ አትደንግጡ። ዋናው ነገር አራቱ ሲሊንደሮች መቀራረባቸው ነው። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከወረደ፣ በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት የሞተር ዘይት ጠብ አድርጋችሁ እንደገና ለኩ። ቁጥሩ ከፍ ካለ ሪንጉ (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም ሲሊንደሩ ተበልቷል፤ ሙሉ እድሳት ይጠብቃችኋል። ንቅንቅ ካላለ ጥፋቱ የባልቮላ ወይም የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ሊሆን ይችላል። ያኔ ቴስታታውን ብቻ አውርዶ መሥራት ይበቃ ይሆናል። ካንዴላዎቹ ሁሉ ጥላሸት ከለበሱ ደግሞ መጀመሪያ ካርቡራተሩን ለዚህ ከፍታ አስተካክሉት።

ሁለተኛው፣ "ፒስተን ተገኘ!" ሲባል ሮጦ መግዛት። መጀመሪያ ሲሊንደሩ ላዩ፣ መሃሉና ታቹ ይለካ። ስንት እንደሚሰፋ ሲታወቅ ፒስተኑ ይታዘዝ። ቶርኖ ቤት (ብረት የሚቆረጥበትና የሚሰፋበት ወርክሾፕ) የሚኬደው ፒስተኑ እጅ ከገባ በኋላ ነው፤ ሲሊንደሩ የሚሰፋው በፒስተኑ ልክ ነውና።

አልፋ ሮሜዮን እንደ ፊያት ማየትም አለ። የፊያቱ ብሎክ ብረት ስለሆነ ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠራው የአልፋ ጁሊያ ብሎክ ግን አሉሚኒየም ነው፤ ሊነሩ (ተነቃዩ የሲሊንደር ቱቦ) ወጥቶ ከነፒስተኑ ይቀየራል። ይህን የማያውቅ ሰው እጅ አይግባ።

የቶዮታ ሞተር መግጠምስ? ርካሽ ነው፣ መለዋወጫውም ሞልቷል። ለሥራ መኪና አልከራከርም። ስፓይደር ላይ ግን ያሳዝነኛል። ያንን ባለ ሁለት ካምሻፍት ሞተር የነደፈው ኦሬሊዮ ላምፕሬዲ ቀደም ሲል የፌራሪ ሞተሮችን የነደፈ ሰው ነው። ደግሞ የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ አለ። ሞተር ቀይራችሁ ሊብሬውን ሳታስተካክሉ ብትቀሩ መኪናውን ስትሸጡ ጣጣው ይመጣል። የግድ ከሆነም የድሮውን ብሎክ ለቆራሊዮ አትስጡት፤ ጥግ ይቀመጥ።

በደፈናው "የእጅ ዋጋ ይህን ያህል" ብሎ መስማማትም ያጣላል። የቶርኖው፣ የጓርኒሲዮኑና የዘይቱ ወጪ የማን እንደሆነ አስቀድማችሁ ጻፉት። የወጣው አሮጌ ዕቃም ይመለስላችሁ።

የታይሚንግ ቺንጋውን "ገና ደህና ነው" ብሎ መልሶ መግጠም ደግሞ ቁጠባ አይደለም።

በመጨረሻ፣ ታድሶ የወጣውን ሞተር በዚያው ቀን እንጦጦ አቀበት ላይ አታስጩኹት። እንደ እንቁላል መያዝም ግን ስህተት ነው። ቆሞ ለረጅም ሰዓት ሲንተከተክ አዲሱ ሪንግ ቦታውን አይይዝም። መጠነኛ ጫና እየሰጣችሁ፣ ፍጥነት እየቀያየራችሁ ንዱት። 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሞላ ዘይቱን ከነፊልትሮው ቀይሩ።