ሐይቁ የታለ? የሪዞርት ክፍል፣ የባልኮኒና የእይታ ችግሮች ከነመፍትሄያቸው

ሐዋሳ ነን። ከባለቤቴ ጋር ሁለት ሌሊት ለማረፍ «ሌክ ቪው ከነባልኮኒው» የተባለ ክፍል ይዘናል። ከተራው ክፍል ጨመር ያለ ብርም ከፍለናል። ሻንጣ ያመጣልን ልጅ መጋረጃውን ገለጠልን። ፊት ለፊታችን አንድ ትልቅ ጥቁር ሮቶ ብረት ማማ ላይ ጉብ ብሏል። ባለቤቴ ትንሽ ዝም አለችና «ሐይቁ ሮቶው ውስጥ ነው እንዴ?» አለችው። ልጁ ሳቁን ዋጥ አድርጎ «ወደ ግራ ጠጋ ቢሉ ይታያል» አለ። አልዋሸም። ጥግ ላይ ተለጥፌ አንገቴን ሳሰግግ በሮቶውና በአንድ ዛፍ መካከል መዳፍ የምታክል ውሃ አየሁ።

ከዚያ ወዲህ ክፍል ስይዝ ነገረኛ ሆኛለሁ። የተማርኩትን እነሆ፣ ብዙ ሰው ከሚያጋጥመው ጀምሬ።

«ሌክ ቪው» ተብሎ ሐይቅ ከሌለ

ሆቴሉ የግድ ዋሽቷችኋል ማለት አይደለም። «ሌክ ቪው» የአንድ ክፍል ስም ሳይሆን የምድብ ስም ነው። በዚያ ምድብ ውስጥ ከምድር ቤት እስከ ላይኛው ፎቅ ያሉ ክፍሎች በአንድ ዋጋ ይታጨቃሉ። ፎቶው የሚነሳው ግን ከሁሉም ከሚሻለው ክፍል ነው፤ አንዳንዴም ከጣሪያ ላይ ወይም በድሮን። «ፓርሻል» (በከፊል) የምትል ቃል ካያችሁ አንገት ማስገግ እንዳለ ጠርጥሩ። «ሌክ ሳይድ» ደግሞ ግቢው ሐይቅ ዳር ነው ማለት እንጂ የእናንተ መስኮት ወደ ውሃው ዞሯል ማለት አይደለም። ዛፍም አይርሳችሁ። ፎቶው ሲነሳ ችግኝ የነበረው ዛሬ ሁለተኛ ፎቅን ሊጋርድ ይችላል።

መፍትሄው ቀብድ ከመላክ በፊት መደወል ነው። በኢንተርኔት ብትይዙም ክፍሉን የሚመድበው ሪሴፕሽን ስለሆነ እዚያው ደውሉ። እኔ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ የክፍሉ ቁጥር ስንት ነው? ስንተኛ ፎቅ ነው? ባልኮኒው ላይ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ምን ይታየኛል? ከዚያ «ወንድሜ፣ እስቲ ከዚያው ባልኮኒ አጭር ቪዲዮ ቀርጸህ በቴሌግራም ላክልኝ» እላለሁ። ሰው ገብቶበታል ከተባለ የጎረቤቱም ይበቃል። ጥሩ ክፍል ያለው ሆቴል ደስ ብሎት ይልካል። ቪዲዮው ሲመጣ የክፍሉን ቁጥር እዚያው በጽሑፍ አስይዙ፤ የደረሳችሁ ዕለት «ማን አለህ?» ለሚላችሁ ታሳያላችሁ። ጊዜ ካላችሁ ስልካችሁ ላይ የሳተላይት ካርታ ከፍታችሁ ግቢውን እዩት። የትኛው ህንጻ ወደ ውሃ እንደዞረ፣ የኩሽናው ቆርቆሮ የት እንዳለ፣ ሮቶውም ጭምር ይታያል።

ሲቆሙ የሚታየው ሲቀመጡ ከጠፋ

ይህን ማንም አይነግራችሁም። ጥፋቱ የባልኮኒው መከለያ ነው። ብዙ ቦታ መከለያው ድፍን ግንብ ሆኖ አንድ ሜትር ገደማ ይቆማል። ዝቅ ያለ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ስትቀመጡ ዓይናችሁ ከግንቡ ጫፍ ብዙም ከፍ አይልም። ስለዚህ የሚታያችሁ ማዶ ያለው ተራራና ሰማዩ ነው፤ ውሃው ከግንቡ በታች ቀርቷል። ቡናችሁን ቆማችሁ ካልጠጣችሁ በቀር የከፈላችሁበት ሐይቅ የለም።

ስትይዙ መከለያው የብረት ፍርግርግ ወይም መስታወት መሆኑን ጠይቁ። ከገባችሁ በኋላ ካወቃችሁት ወንበሩን ወደ ግንቡ ጥግ አስጠጉና ከባሩ ረጅሙን ወንበር አስመጡ። እኔ አንድ ጊዜ ሁለት ትራስ ደራርቤ ተቀምጫለሁ። አያምርም፣ ግን ይሠራል። የባልኮኒውን ስፋት ደግሞ በሜትር አትጠይቁ፤ ማንም አያውቀውም። «ሁለት ወንበርና ጠረጴዛ ይገባል?» በሉ።

ከሰዓት በኋላ ባልኮኒው ምድጃ ከሆነ

እዚህ ጋ አቅጣጫ ማወቅ ያስፈልጋል። ሐዋሳ ከተማ ያለችው ከሐይቁ በስተምሥራቅ ነው። ስለዚህ ከተማው ውስጥ ወደ ሐይቁ የዞረ ባልኮኒ ሁሉ ወደ ምዕራብ ዞሯል። ጠዋት ጥላ ነው፣ ደስ ይላል። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ግን ፀሐይዋ ፊት ለፊት መጥታ እስክትጠልቅ አትለቃችሁም። በምትኩ ጀምበር ስትጠልቅ ከወንበራችሁ ሳትነሱ ታያላችሁ። እኔ ለእሷ ስል ሙቀቱን እችላለሁ፤ ባለቤቴ አትችልም።

ባሕር ዳር ሌላ ናት። ከተማዋ በጣና ደቡባዊ ዳርቻ ስላለች ሐይቁ በሰሜን ነው። በአብዛኛው የዓመቱ ክፍል ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ ሐይቁን የሚያይ ባልኮኒ ጥላ ሆኖ ይውላል። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ገደማ ግን ወደ ሰሜን ታዘነብላለችና መጠነኛ ፀሐይ ይገባል። መጽሐፍ ይዞ ቀኑን ሙሉ ባልኮኒ ላይ መዋል ለሚወድ ሰው ከሐዋሳ ይልቅ ባሕር ዳርን እመክራለሁ።

አርባ ምንጭ ገደሉ አፋፍ ላይ ያሉት ማረፊያዎች ወደ ምሥራቅ ነው የሚያዩት። ወደ ግራ ቡናማው አባያ፣ ወደ ቀኝ ጫሞ፣ መሃል ላይ ሁለቱን ሐይቆች የሚለየው መሬት፣ የእግዜር ድልድይ። ፀሐይ ከዚያ ወገን ትወጣለች፤ መጋረጃው ስስ ከሆነ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነቅታችኋል። ከሰዓት ግን ፀሐይዋ ከጀርባችሁ ስለምትሆን ባልኮኒው ቀዝቅዞ ሐይቆቹ ቁልጭ ይላሉ። ፎቶ የሚነሳው ያኔ ነው። ላንጋኖም በዚሁ ስሌት ነው፦ በአስፋልቱ በኩል ያለው ዳርቻ የጠዋቷን ፀሐይ ያያል፣ ማዶው የማታዋን።

ቢሾፍቱ ላይ ግን ስሌቱ አይያዝም። እነ ባቦጋያና ሆራ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኙ ክብ ሐይቆች ስለሆኑ አቅጣጫው እንደየሆቴሉ ነው። እዚያ የሚጠየቀው ሌላ ነው፦ ደረጃው። አፋፉ ላይ ካለ ክፍል ሐይቁ ሙሉ ይታያል። ቁልቁል ወደ ውሃው የተጠጋው ክፍል ደስ ቢልም ለቁርስ በወጣችሁ ቁጥር አቀበቱ አለ። እናቴን ይዤ ሄጄ ጉልበቷ ስላመማት ሁለት ቀን ምግብ ክፍል ድረስ ሳስመጣ ከረምኩ።

የተያዘው ክፍል ከሞቀ፣ እኩለ ቀን ከመድረሱ በፊት መጋረጃውን ዝጉ። ክፍሉ አንዴ ከጋለ ማታም አይበርድም። ኤሲው መሥራቱን ደግሞ ሻንጣ ሳትፈቱ አብሩና እዩ።

ባልኮኒው ላይ ሌባ ካለ

ጦጣ ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያሉ ግቢዎች ጦጣም ጉሬዛም አለባቸው። ጉሬዛው ጨዋ ነው፣ ዛፉ ላይ ቅጠሉን ይበላል። ጦጣው ግን በሩ ገርበብ ካለ ይገባል። እኔ ዓይኔ እያየ አንዱ ከቡና ትሪዬ ላይ የስኳር ከረጢት አንስቶ መከለያው ላይ ወጣ። ጥጓን በጥርሱ ቀደደ፣ አንጋጦ አፉ ውስጥ ገለበጠው፣ ወረቀቱን ጣለና ሁለተኛውን ሊወስድ ተመለሰ። አርባ ምንጭ ላይ ዝንጀሮ አለ፤ እሱ ጋ ቀልድ የለም።

ምክንያቱ ሰው ነው፤ ሙዝ እየሰጠ አስለምዷቸዋል። ምግብ ባልኮኒ ላይ አታሳድሩ፣ ስትወጡ በሩን ቆልፉ፣ ስልክና መነጽር ጠረጴዛው ላይ አትተዉ። የያዘውን ለመንጠቅ ደግሞ አትታገሉ፣ ይነክሳል።

እይታው ግሩም፣ እንቅልፍ ግን የለም

ሐይቁን የሚያየው ክፍል ብዙ ጊዜ ሜዳውንም ያያል። ሜዳው ደግሞ የሰርግ ቦታ ነው። በጥርና ከፋሲካ በኋላ ባሉት ቅዳሜና እሁዶች ስፒከሩ አልጋችሁ ሥር ያለ ይመስላችኋል። ስትደውሉ «በዚያ ቀን ሰርግ አለ?» በሉ። ጄኔሬተሩ የት እንዳለም ጠይቁ፤ መብራት ማታ ሊጠፋ ይችላል። ከህንጻው መጨረሻ ያለ ክፍል ከመሃሉ ይሻላል። ሐዋሳ የታኅሣሥና የሐምሌ ገብርኤል፣ ቢሾፍቱ የኢሬቻ፣ ጎንደር የጥምቀት፣ ላሊበላ የገና ሰሞን ግን ምርጫ የሚባል ነገር የለም። ያገኛችሁትን ያዙ።

ጉም ብቻ ከታየ

ሐምሌና ነሐሴ ላሊበላም ሰሜን ተራሮችም ጉም ነው። በክረምት ለእይታ ብላችሁ ተጨማሪ አትክፈሉ።

ሕፃን ካለ

የመከለያው ብረቶች አግድም ከሆኑ ለልጅ መሰላል ናቸው። ቁም ከሆኑም ክፍተታቸውን እዩ፤ የልጁ ጭንቅላት የሚያልፍበት ከሆነ እይታውን እርሱትና ምድር ቤት ጠይቁ። ወንበሩን ከመከለያው አርቁ። ይህ ላይ አልደራደርም።

ደርሳችሁ ክፍሉ ካልሆነ

አልጋው ላይ አትቀመጡ። ሻንጣ አትክፈቱ፣ መታጠቢያ ቤቱንም አትጠቀሙ። ክፍሉ ካልተነካ ለሪሴፕሽኑ መቀየር ቀላል ነው፤ ከተነካ እንደገና ማጽዳት አለበት፣ ማቅማማትም ይጀምራል። ወዲያው ውረዱና ቪዲዮውን አሳዩ። ድምፅ አትጨምሩ። «እህቴ፣ የተነጋገርነው ይህ አልነበረም፤ ወይ ሌላ ክፍል ወይ የዋጋውን ልዩነት» ማለት ይበቃል። ሞልቷል ከተባለ ነገ የትኛው ክፍል እንደሚለቀቅ ጠይቁና ስማችሁን እዚያው አስጽፉ። ብዙ ቦታ እንግዳ የሚለቀው ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ሳትጠሩ ራሳችሁ ሂዱ።

እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው። በማግስቱ አምስት ሰዓት ላይ ሦስተኛ ፎቅ፣ ጥግ ላይ ያለ ክፍል ተለቀቀልን። ሐይቁ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል። ባለቤቴ ግን መጀመሪያ የፈለገችው ሮቶውን ነው። ከበታቻችን አገኘችው። ክዳኑ ላይ አንድ ጦጣ እግሩን አንጠልጥሎ ተቀምጦ ወደ ውሃው ያያል።