ሜሪላንድ ወይስ ቴክሳስ? የሁለት ስቴት ኑሮን በራስዎ ሂሳብ ማወዳደር

“ቴክሳስ ታክስ የለም” የሚለው ወሬ ብዙ ሰው ዕቃውን አስጭኖ ከሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ቴክሳሷ ዳላስ እንዲያቀና አድርጓል። ወሬው ግማሹ እውነት ነው። ቴክሳስ የስቴት የገቢ ግብር አይቆርጥም፤ ትምህርት ቤቱም ከተማውም ገንዘብ ይፈልጋልና ከቤት ባለቤቱ ይሰበስባል። የትኛው እንደሚያዋጣ ለማወቅ የራስዎን ቤተሰብ ወጪ በሁለት ዚፕ ኮድ ማስላት አለብዎት።

መጀመሪያ ሁለት ሰፈር ይምረጡ። “ሜሪላንድ” ብሎ በጥቅሉ ማስላት አይጠቅምም፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት ሞንትጎመሪ ካውንቲና ሄገርስታውን አንድ ስቴት ውስጥ ሆነው የቤት ዋጋቸው አይገናኝም። ኢንተርኔት ላይ ያሉት የኑሮ ውድነት ማስያዎች ለመነሻ ካልሆነ አይረቡም፤ የማያውቁትን ሰው አማካይ ወጪ ነው የሚያሳዩዎት። የዋጋ ንረት አሃዝም ዋጋ ምን ያህል እንደጨመረ እንጂ የቱ ከተማ እንደሚወደድ አይናገርም። ለዚያ የሚሆነው የፌዴራሉ የኢኮኖሚ ትንተና ቢሮ የሚያወጣው የአካባቢ ዋጋ ንጽጽር ነው፤ የአገሪቱን አማካይ 100 አድርጎ እያንዳንዱን ስቴትና ትልልቅ ከተሞችን ከዚያ አንጻር ያስቀምጣል።

ቀጥሎ እጅዎ ላይ የሚገባውን ደመወዝ ያስሉ። ሜሪላንድ ውስጥ ከስቴቱ ግብር በላይ ካውንቲውም የገቢ ግብር ይወስዳል፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህንን ነው። በ2025 የሞንትጎመሪ ድርሻ 3.2 በመቶ ነበር። የስቴቱ መጠን ለአብዛኛው ሠራተኛ 4.75 በመቶ ነው። ተቀናሾች ወጥተው ግብር የሚከፈልበት ገቢ 70,000 ዶላር ከሆነ ሁለቱ ተደምረው 5,500 ዶላር ገደማ ይሆናሉ። ቴክሳስ ይህ ገንዘብ ኪስዎ ውስጥ ይቀራል፤ ደመወዙ እኩል ከሆነ። ለዚያ ዋስትና የለም፤ የቴክሳስ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ አሁንም የፌዴራሉ 7.25 ዶላር ሲሆን የሜሪላንድ ከ2024 ጀምሮ 15 ነው። በእጅ የያዙት የሥራ ቅጥር ደብዳቤ ከሌለ ግምትዎን ዝቅ አድርገው ይጀምሩ።

አሁን ወደ ዋናው ወጥመድ፣ ወደ ቤት ታክስ። ዳላስ ዙሪያ ቤት ሲያዩ ማስታወቂያው ላይ የሚታየው የዓመት ታክስ የሻጩ ነው፤ የእርስዎ አይደለም። የሚኖርበትን ቤት ሆምስቴድ ብሎ ያስመዘገበ ሰው ታክስ የሚከፍልበት ግምት በዓመት ከ10 በመቶ በላይ እንዳይጨምር በሕግ ተገድቧል። ቤቱ ሲሸጥ ግን ገደቡ ይነሳና ግምቱ ወደ ገበያው ዋጋ ይዘላል።

በምሳሌ እንየው። ቤቱ 350,000 ዶላር፣ የታክሱ መጠን 2.2 በመቶ ይሁን፤ ግማሹ የትምህርት ቤት፣ ግማሹ የከተማው፣ የካውንቲውና የሌሎቹ። ሆምስቴድ የትምህርት ቤቱ ታክስ ከሚሰላበት የቤት ግምት ላይ 140,000 ዶላር ያስቀንሳል። ሻጩ ለብዙ ዓመት የኖረበትና ግምቱ 230,000 ላይ የቆመ ከሆነ የሚከፍለው 3,520 ዶላር ነው። እርስዎ ሆምስቴድ አስመዝግበው 6,160 ይከፍላሉ፤ ካላስመዘገቡ 7,700። አበዳሪው ኤስክሮውን፣ ማለትም ለታክስና ለኢንሹራንስ በየወሩ ከእርስዎ የሚሰበስበውን፣ በሻጩ ታክስ ካሰላው የመጀመሪያው ዓመት ሰላም ይመስላል፤ ከዚያ የጎደለውን ክፈሉ የሚል ደብዳቤ ይመጣና የወሩ ክፍያ 220 ዶላር ይጨምራል፤ ያለፈው ዓመት ጉድለት ደግሞ በዚያ ላይ ይደመራል። አዲስ የተሠራ ቤት ይብሳል፤ የመጀመሪያው ታክስ አንዳንዴ በባዶ መሬቱ ላይ የተጣለ ነው።

ስለዚህ የማስታወቂያውን አሃዝ ይርሱት። የካውንቲውን የግምት ጽሕፈት ቤት ድረ ገጽ ይክፈቱ፣ አድራሻውን ያስገቡ፣ የእያንዳንዱን ታክስ ሰብሳቢ መጠን ይደምሩና በሚገዙበት ዋጋ ያባዙ። ዝርዝሩ ውስጥ የውሃና ፍሳሽ ዲስትሪክት ካለ የራሱን ታክስ ይጨምራል። ሆምስቴድ ማስመዝገብ ነጻ ነው፤ የመንግሥት መስሎ በፖስታ መጥቶ ገንዘብ የሚጠይቅ ወረቀት ይጣሉት። መንጃ ፈቃድዎ ላይ ያለው አድራሻ ከቤቱ ጋር መመሳሰል አለበት። ሞንትጎመሪ ውስጥ ታክሱ ከ1 በመቶ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ቤቱ ራሱ ግን በጣም ይወደዳል፣ ስለዚህ በመቶኛ ሳይሆን በዶላር ያወዳድሩ።

የቤት ኢንሹራንስንም እንዲሁ። ሰሜን ቴክሳስ በረዶ ጣራ ይበሳል፤ የበረዶና የነፋስ ዲዳክቲብል ብዙ ጊዜ በመቶኛ ነው። 2 በመቶ ማለት በ350,000 ኢንሹራንስ ላይ የመጀመሪያው 7,000 ዶላር ከኪስዎ ነው።

ተከራይ ከሆኑ ሂሳቡ ይቀላል። ዳላስ አፓርታማ ሲጠይቁ ከኪራዩ ጋር የቆሻሻ፣ የተባይና የፓርኪንግ ክፍያ ተደምሮ በጽሑፍ ይስጡኝ ይበሉ። ሊዝ ሲታደስ ቴክሳስ ውስጥ ጭማሪውን የሚገድብ ሕግ የለም፤ ሞንትጎመሪ ከ2024 ጀምሮ ብዙዎቹን የቆዩ ሕንጻዎች በዓመት ቢበዛ 6 በመቶ ላይ ገድቧል።

መብራት፦ አብዛኛው ዳላስ ሻጩን ራሱ ይመርጣል፣ ጋርላንድ ግን የከተማው ድርጅት ስላለ ብዙው ነዋሪ ምርጫ የለውም። “1,000 ኪሎዋት ሰዓት ሲደርሱ ክሬዲት (ቅናሽ)” የሚል ውል ከዚያ በታች ሲጠቀሙ ያስከፍላል፤ በ500፣ በ1,000 እና በ2,000 ያለውን ዋጋ ከመረጃ ወረቀቱ ላይ ይዩ። የመኪና ኢንሹራንስ በሁለቱም ዚፕ ኮድ በአንድ ዓይነት ሽፋን ይጠይቁ። ሲልቨር ስፕሪንግ በአንድ መኪናና በሜትሮ የሚኖር ቤተሰብ ዳላስ ሁለተኛ መኪናና ቶል (የመንገድ ክፍያ) ይጨምር።

ከወጪው ውጭ ያሉትን በሂሳቡ ውስጥ አይቀላቅሏቸው፤ ለብቻ ወረቀት ላይ ይጻፏቸው። ከባዱ ሕክምና ነው። ቴክሳስ ሜዲኬይድን፣ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠውን የመንግሥት የጤና ሽፋን፣ አላሰፋችም፤ ከ65 ዓመት በታች የሆነ፣ አካል ጉዳት የሌለበትና ልጅ የሌለው አዋቂ ገቢው የቱንም ያህል ቢያንስ አያገኝም፣ ሜሪላንድ ግን ትሰጣለች። ከአሠሪ ኢንሹራንስ ለማያገኝ፣ ለምሳሌ ኡበር ለሚነዳ ሰው ይህ ከገቢ ግብሩ ሊበልጥ ይችላል። የጉዞ ሰዓትን ካርታው ላይ ማክሰኞ ጠዋት 7:30 አድርገው ይለኩ፣ እሑድ አይደለም። ቤተሰብ ለመጠየቅ በየዓመቱ የሚበር ሰው ዋሽንግተን አጠገብ ካለው ደለስ አየር ማረፊያ አዲስ አበባ ቀጥታ በረራ እንዳለ፣ ከዳላስ ግን መቀያየር እንደሚኖር ይመዝግብ። ነርሶች ብዙ ስቴቶች የሚቀበሉት የጋራ የሥራ ፈቃድ በሁለቱም ስቴት ይሠራላቸዋል፤ መኖሪያቸውን ሲቀይሩ ግን በ60 ቀን ውስጥ በአዲሱ ስቴት ማመልከት አለባቸው።

በመጨረሻ የመሸጋገሪያውን ወጪ በመዛወርዎ በየወሩ በሚተርፍዎት ገንዘብ ያካፍሉ። ሊዝ ማፍረሻ፣ የጭነት መኪና፣ ዲፖዚትና ያለ ደመወዝ የሚያልፈው ወር 6,000 ዶላር ከሆኑና የወሩ ትርፍ 200 ከሆነ፣ ወጪው የሚመለሰው ከ30 ወር በኋላ ነው። ከዚያ ቀድመው ሌላ ቦታ የመሄድ ሐሳብ ካለዎት ባሉበት ይቆዩ።