ኦካምል ላይ አርጊዩመንት በስም ስትሰጡ የሚያጋጥሙ ስህተቶች

በፓይዘን ፕሮግራም የጻፈ ሰው አርጊዩመንትን (ለፈንክሽን የሚሰጠውን ዋጋ) በስም መስጠት ለምዶታል። ኦካምል (OCaml) በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ላይ ግን ስሙ የፈንክሽኑ ታይፕ (ምን ዓይነት ዋጋ ተቀብሎ ምን እንደሚመልስ የሚገልጸው) አካል ነው። ብዙው ጣጣ የሚመጣው ይህን ከመርሳት ነው።

ስም መንፈግ። ብር የሚያስተላልፍ ፈንክሽን አላችሁ እንበል። ላኪም ተቀባይም ስትሪንግ (ጽሑፍ) ናቸው። ቦታቸው ቢቀያየር ኮምፓይለሩ (ኮዱን ፈትሾ የሚተረጉመው ፕሮግራም) ትንፍሽ አይልም፤ ብሩ ከተሳሳተው ሰው ሂሳብ ይወጣል። እንዲህ ዓይነቶቹን በሞገድ ምልክት (~) ሰይሟቸው። ስትጠሩትም ስሙን አትዝለሉ፦ ሁሉንም ያለ ስም ብትደረድሩ አብዛኛውን ጊዜ ማስጠንቀቂያ 6 ብቻ ሰጥቶ ያልፋችኋል። እኔ ብሆን ማስጠንቀቂያውን ወደ ስህተት እቀይረዋለሁ። (በእንግሊዝኛ ተቀባዩን «ቱ» (to) ብላችሁ መሰየም ግን አይቻልም፤ ለፎር ሉፕ የተያዘ ቃል ነው።)

ሁሉንም መሰየም። አንድ አርጊዩመንት ብቻ ላለው ፈንክሽን ስም ትርፍ ነው።

ቅደም ተከተል ምንጊዜም ግድ የለውም ማለት። ፈንክሽኑን በቀጥታ ስትጠሩት እውነት ነው፤ እንዳሻችሁ ደርድሩ። ፈንክሽኑን ለሌላ ፈንክሽን ስታቀብሉት ግን ነገሩ ይለያል። ያቀበላችሁት ፈንክሽን በሌላኛው ፈንክሽን ውስጥ መጀመሪያ «ተቀባይ»፣ ቀጥሎ «ላኪ» ተብሎ ከተጠራ ኮምፓይለሩ ያንኑ ቅደም ተከተል ታይፕ አድርጎ ይይዘዋል። የእናንተው በ«ላኪ» የሚጀምር ከሆነ አይቀበለውም። ስሞቹ አንድ ሆነው ስህተት ሲወጣ ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ጋ ነው። መፍትሔው የፓራሜትሩን ታይፕ በግልጽ መጻፍ ወይም ፈንክሽኑን በትንሽ ስም የለሽ ፈንክሽን መጠቅለል ነው።

አማራጩን መጨረሻ ላይ ማስቀመጥ። አማራጭ አርጊዩመንት ሳይሰጥ ሊታለፍ የሚችል፣ በጥያቄ ምልክት (?) የሚጀምር ነው። «ተትቷል» የሚባለው ከእሱ በኋላ ያለ ስም የለሽ አርጊዩመንት ሲሰጥ ነው። ከኋላው ምንም ከሌለ መቼ እንደተተወ አይታወቅም። ቁጥር ስትጠብቁ ፈንክሽን ይመለስላችኋል። ማስጠንቀቂያ 16 የሚመጣው ለዚህ ነው። ሌላ የሚከተል ከሌለ መጨረሻ ላይ ባዶ ቅንፍ () ጨምሩ።

አማራጩን በሞገድ ምልክት ማስተላለፍ። ነባሪ ዋጋ (ሲተው የሚተካው) ያልሰጣችሁት አማራጭ ፈንክሽኑ ውስጥ የሚገኘው እንደ «ሰም» (Some፣ ዋጋ አለ) ወይም «ነን» (None፣ ዋጋ የለም) ነው። እንዳለ ወደ ሌላ ፈንክሽን አማራጭ ስታሳልፉት በ~ ሳይሆን በ? አድርጉት።

ቅንፍ መርሳት። ከስሙ በኋላ አሉታዊ ቁጥር ወይም የፈንክሽን ጥሪ ከመጣ በቅንፍ ክበቡት። አለዚያ የጥሪው ሁለተኛ ክፍል ራሱን የቻለ አርጊዩመንት ሆኖ ይነበባል።