ከክላስ እስከ ሪዘልትሴት፦ በጃቫ ከዳታቤዝ ጋር ለመሥራት የሚያስፈልጉ ቃላት

በጃቫ ከዳታቤዝ ጋር መሥራት የሚጀምር ሰው ድራይቨር፣ ኮኔክሽን፣ ስቴትመንት፣ ሪዘልትሴት የሚሉ ቃላት በአንድ ጊዜ ይመጡበታል። እነዚህን መሸምደድ ብዙም አይጠቅምም። በፕሮግራሙ ውስጥ አብዛኞቹ የምንሠራባቸው ኦብጀክቶች ስለሆኑ፣ የኦብጀክት ፕሮግራሚንግን ቃላት አስቀድሞ የተረዳ ሰው የዳታቤዙንም ያለ ብዙ ድካም ይይዛቸዋል፤ ስለዚህ በዚህ ቅደም ተከተል እንዲማሩ እመክራለሁ።

ክላስ አንድ ዓይነት ነገር ምን መረጃ እንደሚይዝና ምን መሥራት እንደሚችል የሚገልጽ ንድፍ ሲሆን፣ ኦብጀክት ደግሞ ፕሮግራሙ በሚሠራበት ጊዜ በዚያ ንድፍ መሠረት ሚሞሪ ውስጥ የሚፈጠረው ነገር ነው። ለትምህርት ቤት መዝገብ «ተማሪ» የሚል ክላስ ይጻፉ። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስምና የትውልድ ቀን ፊልዶቹ ይሆናሉ፤ ከትውልድ ቀን ተነሥቶ ዕድሜን የሚያሰላው ክፍል ሜተድ ይባላል። በውጭ መማሪያዎች የሚገኘውን የመጠሪያ ስምና የቤተሰብ ስም አከፋፈል እንዳለ አይቅዱ፤ ሁለት ፊልድ ብቻ ያለው ክላስ ለአያት ስም ቦታ አይተውም።

ፊልዶቹን ፕራይቬት፣ ማለትም ከክላሱ ውጭ የማይነኩ፣ አድርጎ በሜተድ በኩል ብቻ እንዲነኩ ማድረግ ኢንካፕሱሌሽን ይባላል። አንድ ክላስ የሌላውን ፊልዶችና ሜተዶች ሲወርስ ኢንኸሪታንስ ይሆናል።

ኢንተርፌስ ግን ቆም ብሎ ማየትን ይጠይቃል። ኢንተርፌስ የትኞቹ ሜተዶች መኖር እንዳለባቸው ይደነግጋል እንጂ በአብዛኛው ሥራቸውን ራሱ አይሠራም፤ ሥራው የሚጻፈው ኢንተርፌሱን በሚተገብረው ክላስ ውስጥ ነው። የጃቫ ፕሮግራም ከዳታቤዝ ጋር የሚገናኝበት ጄዲቢሲ የተባለው መሣሪያ የቆመው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጣው ኦዲቢሲ ፕሮግራሞች ከተለያዩ ዳታቤዞች ጋር በአንድ የጋራ መንገድ እንዲገናኙ አስችሎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ከጃቫ 1.1 ጋር የመጣው ጄዲቢሲ ይህንኑ ዓላማ በኦብጀክቶች አማካይነት አቀረበው። ኮኔክሽን (ከዳታቤዙ ጋር ያለው ግንኙነት)፣ ስቴትመንት (ወደ ዳታቤዙ የሚላከው ጥያቄ ወይም ትእዛዝ) እና ሪዘልትሴት (የሚመለሰው መልስ) ሦስቱም ኢንተርፌሶች ናቸው፤ እነርሱን የሚተገብሩ ክላሶችን የያዘው ላይብረሪ ድራይቨር ይባላል። በዚህ ምክንያት ማይኤስኪውኤል ከተባለው ዳታቤዝ ፖስትግሬስኪውኤል ወደተባለው ቢዛወሩ የሚለወጡት በአመዛኙ ድራይቨሩ፣ የግንኙነቱ አድራሻና በሁለቱ መካከል የሚለያዩ የኤስኪውኤል (ዳታቤዝ የሚታዘዝበት ቋንቋ) አጻጻፎች ናቸው።

ከኮዱ በፊት ሠንጠረዡን ያዘጋጁ። ብዙውን ጊዜ አንድ ክላስ ከአንድ ሠንጠረዥ፣ አንድ ኦብጀክት ከአንድ ረድፍ፣ አንድ ፊልድ ከአንድ ዓምድ ጋር ይዛመዳል። ስሞች በአማርኛ የሚመዘገቡ ከሆነ ፊደላት በባይት በሚቀመጡበት በዩቲኤፍ-8 አሠራር አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት እንደሚወስድ ያስታውሱ። ኦራክል የተባለው ዳታቤዝ በነባሪው የጽሑፍ ዓምድን ርዝመት በባይት ስለሚቆጥር፣ 30 ተብሎ የተወሰነ ዓምድ የሚይዘው 10 ፊደል ብቻ ይሆናል፤ ርዝመቱ በፊደል እንዲቆጠር በግልጽ ይዘዙት።

ቀጥሎ ድራይቨሩን በፕሮጀክትዎ ውስጥ ያስገቡ፤ ከዚያም ድራይቨርማኔጀር ለተባለው ክላስ አድራሻውን፣ የተጠቃሚ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ሰጥተው ኮኔክሽን ይቀበሉ። ወደ ዳታቤዙ የሚላከውን ጥያቄ ሲያዘጋጁ እሴቱን ከጥያቄው ጽሑፍ ጋር አይቀጥሉ። ሰዓዳ የሚለውን ስም በላቲን ፊደል ሲጽፉ በ«ሰ» እና በ«ዓ» መካከል ነጠላ ጥቅስ የሚያስገቡ ሰዎች አሉ፤ በኤስኪውኤል ግን ያ ምልክት የጽሑፉ ማብቂያ ስለሆነ፣ ስሙ እንዲሁ ከተቀጠለ ጥያቄው ይበላሻል። ክፉ ሐሳብ ያለው ሰው ደግሞ በዚያው ቀዳዳ የራሱን ትእዛዝ ያስገባል። መፍትሔው ፕሪፔርድ ስቴትመንት ነው፦ በእሴቱ ቦታ የጥያቄ ምልክት ይጻፉ፣ እሴቱን በተራ ቁጥሩ ለይተው ይስጡ። ይህ ተራ ቁጥር እንደ ጃቫ አሬይ ከ0 ሳይሆን ከ1 ይጀምራል።

መልሱ የሚመጣው በሪዘልትሴት ነው። ጠቋሚው በመጀመሪያ የሚቆመው ከመጀመሪያው ረድፍ በፊት ስለሆነ፣ ኔክስት የተባለውን ሜተድ ሳይጠሩ እሴት ለማንበብ ቢሞክሩ ስሕተት ይገጥምዎታል። ሜተዱን ረድፍ እስካለ ድረስ በሚደጋግም ዋይል ሉፕ ውስጥ እየጠሩ ከእያንዳንዱ ረድፍ አንድ የተማሪ ኦብጀክት ይፍጠሩ።

ሁለት ለውጦች አብረው መፈጸም ሲኖርባቸው፣ ለምሳሌ ተማሪው ሲመዘገብ ክፍያውም አብሮ መመዝገብ ካለበት፣ እያንዳንዱን ለውጥ ወዲያው የሚያጸድቀውን የኮኔክሽኑን ኦቶኮሚት ያጥፉ፤ ሁለቱም ከተሳኩ ለውጦቹን የሚያጸድቀውን ኮሚትን፣ አንዱ ከከሸፈ የሚሰርዛቸውን ሮልባክን ይጥሩ። ኦቶኮሚት በነባሪው የበራ ስለሆነ ይህን ያላደረገ ፕሮግራም መሐል ላይ ቢቋረጥ ክፍያ የሌለው ተማሪ በመዝገቡ ላይ ይቀራል።

ኮኔክሽኑን፣ ስቴትመንቱንና ሪዘልትሴቱን እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው ጃቫ 7 በተጨመረው ትራይ-ዊዝ-ሪሶርስስ በተባለው የኮድ አጻጻፍ ውስጥ ይክፈቱ፤ ስሕተት ቢፈጠርም እንኳ በተከፈቱበት ተቃራኒ ቅደም ተከተል በራሳቸው ይዘጋሉ።