በአሜሪካ የዊልቸር ማመላለሻ ቫን እንዴት ተመዝግቦ ፈቃድ ያገኛል

ዊልቸር የሚጭን ቫን ገዝቶ በማግሥቱ ሥራ የሚጀምር የለም። ወረቀቱ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል፤ የመኪናው ክፍያና ኢንሹራንሱ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይቆጥራሉ። ብዙ ሰው ደግሞ ከመጨረሻው ይጀምራል። ርካሽ ቫን ያገኝና ይገዛል፤ ከዚያ ሊፍቱ ለሕዝብ አገልግሎት የማይፈቀድ ሆኖ ይገኛል፣ ወይም ጉዞ የሚያከፋፍለው ብሮከር በዚያ ካውንቲ አዲስ ድርጅት አይቀበልም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ከዋጋው በላይ ያሳስባል።

ሥራው በተለምዶ ሜዲካል ትራንስፖርት ይባላል። አምቡላንስ አይደለም። ሾፌሩ ሕክምና አይሰጥም፤ ሕመምተኛውን ወደ ዳያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት)፣ ወደ ፊዚካል ቴራፒ ወይም ወደ ሐኪም ቀጠሮ ወስዶ ይመልሳል። አብዛኛውን ጉዞ የሚከፍለው ሜዲኬይድ፣ ማለትም ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች ያለው የመንግሥት የጤና መድን፣ ነው፤ የፌዴራል ሕግ ስቴቶች የሜዲኬይድ ተጠቃሚዎችን ወደ ሕክምና የማድረስ ግዴታ ጥሎባቸዋል። ብዙ ስቴቶች ይህን ሥራ እንደ ሞዲቭኬር፣ ኤምቲኤም እና ቬሪዳ ላሉ ብሮከሮች ይሰጣሉ፤ ብሮከሩ ደግሞ ጉዞውን ለባለ ቫኖች ያከፋፍላል።

1. ማን እንደሚቆጣጠርዎ ይወቁ

በአገሪቱ ሁሉ የሚሠራ አንድ የዊልቸር ቫን ፈቃድ የለም። በሚኒሶታ ስፔሻል ትራንስፖርቴሽን ሰርቪስ የሚባለውን ማረጋገጫ የሚሰጠው የስቴቱ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት፣ ሚንዶት ነው። በኮሎራዶ የሜዲኬይድ ተጓዦችን ለሚያመላልሱ ፈቃድ የሚሰጠው ፐብሊክ ዩቲሊቲስ ኮሚሽን ነው። በቨርጂኒያ ታርጋና መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት፣ ዲኤምቪ፣ ራሱ ለዚህ ሥራ የተለየ የአጓጓዥ ምድብ አለው።

ዲሲና አካባቢው የራሱ ሕግ አለው። ከሜሪላንድ ሞንጎመሪና ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ፣ ከቨርጂኒያ አርሊንግተን፣ ፌርፋክስ፣ አሌክሳንድሪያና ዲሲ ደብሊውማትክ በሚባለው የጋራ ኮሚሽን ሥር ናቸው። ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ሕመምተኛ ጭኖ አርሊንግተን የሚያወርድ ቫን የዚህ ኮሚሽን ሰርቲፊኬት ያስፈልገዋል። ሙሉ በሙሉ ቨርጂኒያ ውስጥ ተጀምሮ የሚያልቅ ጉዞ ግን አይመለከተውም። ቨርጂኒያ ውስጥ ብቻ ለመሥራት ያሰበ ሰው አንድ ቀን ወደ ዲሲ ሆስፒታል ጉዞ ሲመደብለት ችግሩ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ከዚህ ውጭ ከስቴት ወደ ስቴት በክፍያ የሚያጓጉዝ ድርጅት የፌዴራሉን የትራንስፖርት ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ ኤፍኤምሲኤስኤን፣ ይመለከታል። ዝቅተኛው የተጠያቂነት ኢንሹራንስ ሾፌሩን ጨምሮ እስከ 15 መቀመጫ ላለው መኪና 1.5 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ለ16 እና ከዚያ በላይ 5 ሚሊዮን። ሾፌሩን ጨምሮ 16 ወይም ከዚያ በላይ ሰው እንዲይዝ ተደርጎ የተሠራ መኪና ለመንዳት ደግሞ የተሳፋሪ ማረጋገጫ ያለው ሲዲኤል (የንግድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ግድ ነው። ለዊልቸር ሥራ ወደዚያ መጠን መውጣት እምብዛም አይጠቅምም።

አንድ ብር ከማውጣትዎ በፊት ለብሮከሩ የአቅራቢዎች ክፍል ኢሜይል ይላኩና ይጠይቁ፦ በዚህ ካውንቲ አዲስ የዊልቸር አቅራቢ እየተቀበላችሁ ነው? የኢንሹራንስ መጠኑ ስንት ነው? የመኪና ዕድሜ ወይም ማይል ገደብ አላችሁ? መልሱን በጽሑፍ ይያዙ። አንዳንድ ስቴት ማጭበርበር ሲበዛ አዲስ ምዝገባ ለጊዜው ይዘጋል፤ ያን ጊዜ የተገዛ ቫን ቆሞ ይከርማል።

2. ድርጅቱን ያቋቁሙ

ኤልኤልሲውን (ኃላፊነቱ የተወሰነውን ድርጅት) በስቴቱ ያስመዝግቡ፣ ከዚያ በፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት፣ በአይአርኤስ፣ ድረ ገጽ ኢአይኤን የሚባለውን የድርጅት ግብር ቁጥር ያውጡ። ኢአይኤን በነፃ ነው፤ ገንዘብ የሚጠይቅ ድረ ገጽ ካጋጠመዎት የአይአርኤስ አይደለም። ሲፒ 575 የተባለውን ማረጋገጫ ደብዳቤ አይጣሉት፤ ብሮከሩም ባንኩም ይጠይቁታል። ቀጥሎ የጤና አገልግሎት ሰጪ መለያ የሆነውን ኤንፒአይ ቁጥር ያውጡ፣ እሱም ያለ ክፍያ ነው። ዓይነቱ 2፣ ማለትም የድርጅት፣ መሆን አለበት፤ የሙያ ኮዱ 343900000ኤክስ ሲሆን ትርጉሙ ድንገተኛ ላልሆነ ሕክምና የሚያመላልስ ቫን ነው። በራስዎ ስም ዓይነት 1 ካወጡ የሜዲኬይድ ማመልከቻው ይመለሳል።

ስሙ በሁሉም ወረቀት ላይ በፊደል አንድ ዓይነት ይሁን። በአንዱ «ኤልኤልሲ» ከነጠላ ሰረዝ በኋላ፣ በሌላው ያለ ሰረዝ፣ በሦስተኛው ጭራሽ ሳይኖር ከቀረ ኮምፒውተሩ ሦስት የተለያዩ ድርጅቶች አድርጎ ያያቸዋል። ማመልከቻዎች ከሚመለሱባቸው ምክንያቶች በጣም ተራው ይህ ነው፤ አንድ ሰረዝ ለማስተካከል ኢንሹራንሱም ታይትሉም (የመኪናው የባለቤትነት ወረቀት) እንደ አዲስ ሊታተም ይችላል።

3. ቫኑን ይምረጡ

ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ወለሉ ዝቅ ተደርጎ ራምፕ (ዊልቸር የሚገፋበት ተዳፋት መውጫ) የተገጠመለት ሚኒቫን ነው፤ ለምሳሌ ቶዮታ ሲዬና ወይም ዶጅ ግራንድ ካራቫን። ሁለተኛው ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ሊፍት ያለው እንደ ፎርድ ትራንዚት ወይም ራም ፕሮማስተር ያለ ቫን ነው። ሚኒቫኑ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ጠባብ ቦታ ይቆማል፤ ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ዊልቸር ብቻ ይይዛል፣ ትልልቅ የኤሌክትሪክ ወንበሮችም በሩ ላይ ይቸገራሉ። በአንድ ጊዜ ሁለትና ሦስት ሰው ወደ ዳያሊሲስ ማዕከል ለማድረስ ያሰበ ሊፍት ያለውን ቢመርጥ ይሻለዋል።

መለኪያ ይዘው ይሂዱ። የፌዴራሉ የአካል ጉዳተኞች ሕግ፣ ኤዲኤ፣ ለቫኖች የሚያስቀምጣቸው ዋና ልኮች እነዚህ ናቸው፦

- ሊፍቱ ቢያንስ 600 ፓውንድ ማንሳት አለበት። የመድረኩ ወለል ወርድ ከ28.5 ኢንች አያንስም፤ ከወለሉ 2 ኢንች ከፍ ብሎ ያለው ክፍት ቦታ 30 በ48 ኢንች ነው።
- ርዝመቱ 22 ጫማ ወይም ከዚያ በታች በሆነ መኪና ከተነሣው መድረክ እስከ በሩ አናት ቢያንስ 56 ኢንች፤ ከ22 ጫማ በላይ ከሆነ 68 ኢንች።
- ራምፕ መሬት ላይ ሲዘረጋ ተዳፋቱ ከ1 ለ 4 አይበልጥም። ወለሉ ከመሬት 10 ኢንች ከፍ ካለ ራምፑ ቢያንስ 40 ኢንች ይርዘም ማለት ነው።
- እያንዳንዱ የዊልቸር ቦታ 30 በ48 ኢንች ክፍት ወለል ይፈልጋል።

600 ፓውንድ ሕጉ የሚጠይቀው ዝቅተኛው ነው እንጂ ምቹ የሚባለው አይደለም። ከባድ የኤሌክትሪክ ወንበር ብቻውን 300 ፓውንድ ሊያልፍ ይችላል፤ 250 ፓውንድ የሚመዝን ሰው ሲጨመርበት ገደቡ ቀረበ። 800 ፓውንድ የሚያነሣ ሊፍት ከተገኘ ልዩነቱን መክፈል ያዋጣል።

ያገለገለ ቫን ሲገዙ ከሞተሩ በፊት የሊፍቱን መለያ ያንብቡ። እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ የተሠራ ሊፍት «ዶት-ፐብሊክ ዩዝ ሊፍት» ወይም «ዶት-ፕራይቬት ዩዝ ሊፍት» የሚል ጽሑፍ አለው። ሁለተኛው ለቤተሰብ መኪና የተሠራ ነው። የእጅ መያዣውም፣ የክብደት አቅሙም፣ የደኅንነት መከላከያዎቹም ያንሳሉ። በማስታወቂያ ላይ በርካሽ ከሚሸጡት ብዙዎቹ ከግለሰብ ቤት የወጡ ናቸው፤ መርማሪው ደግሞ መጀመሪያ የሚያየው ያንኑ መለያ ነው። መለያው ተፍቆ ከሆነ አይግዙ።

የታይትሉንም ታሪክ ያጣሩ። ሳልቬጅ (በጉዳት ከጥቅም ውጭ የተባለ) ወይም ሪቢልት (ከዚያ በኋላ ተጠግኖ የተመለሰ) የሚል ማኅተም ያለበትን መኪና የማይቀበሉ ብሮከሮችና ኢንሹራንሶች ብዙ ናቸው። መኪናውን የቀየረው ድርጅት የለጠፈው የማረጋገጫ ምልክት በሾፌሩ በር መቃን ላይ መኖሩን ይመልከቱ፤ ጋራዥ ውስጥ ወለሉ ተቆርጦ የተሠራ ቫን ይህ ምልክት አይኖረውም።

4. ኢንሹራንስ፣ ከዚያ ታይትል፣ ከዚያ ታርጋ

የግል መኪና ኢንሹራንስ በክፍያ ተሳፋሪ ሲጫን አይሠራም። የሚያስፈልገው ኮሜርሻል አውቶ፣ ማለትም የንግድ መኪና ኢንሹራንስ፣ ነው። ብሮከሮች በብዛት የሚጠይቁት በአንድ አደጋ 1 ሚሊዮን ዶላር የተጠያቂነት ሽፋን፣ ከሱ ጋር ጄኔራል ላይቢሊቲ (ከመኪና አደጋ ውጭ ላለው የድርጅቱ ተጠያቂነት የሚሆን ሽፋን) ነው፤ በደብሊውማትክ ሥር ለሚሠራ ትንሽ ቫን ደግሞ 1.5 ሚሊዮን። ለአዲስ ድርጅት ዋጋው ከባድ ስለሆነ የመኪናውን መለያ (ቪን) ቁጥር ይዘው የግዢ ውል ከመፈረምዎ በፊት ዋጋ ያስወጡ። ኢንሹራንሱ ከቫኑ ወርኃዊ ክፍያ ሲበልጥ ማየት የተለመደ ነው።

ለኢንሹራንስ ወኪሉ ሥራውን በትክክል ይንገሩ፦ ዊልቸር፣ በክፍያ፣ እነዚህ ካውንቲዎች። ዋጋ ለመቀነስ «ዴሊቨሪ» ብሎ ማስመዝገብ አደጋ በደረሰ ቀን ካሳው እንዲከለከል በር መክፈት ነው። ሰርቲፊኬቱ ላይ ብሮከሩ አዲሽናል ኢንሹርድ (ሽፋኑ የሚያካትተው ተጨማሪ ወገን) ተብሎ እንዲጻፍ ያድርጉ።

ታይትሉ በኤልኤልሲው ስም ይውጣ። መጀመሪያ በራስ ስም አውጥቶ በኋላ ማዛወር በአንዳንድ ስቴት የሽያጭ ግብር ሁለት ጊዜ ያስከፍላል፣ ብድር ካለበትም ባንኩ መፍቀድ አለበት። ዲኤምቪ ሲደርሱ ተራ ታርጋ እንዳይሰጥዎት ፎር ሃየር (በክፍያ የሚያጓጉዝ) የሚባለው ምድብ እንደሚያስፈልግ ይጠይቁ። በብዙ ቦታ ይህን ታርጋ ለማውጣት የአጓጓዥነት ፈቃዱ ቀድሞ መውጣት አለበት፤ ፈቃዱ ደግሞ የኢንሹራንስ ኩባንያው በቀጥታ ለመሥሪያ ቤቱ የሚልከውን ማረጋገጫ ይጠብቃል። በእጅዎ ያለው ካርድ ያን አይተካም፤ ወኪሉ መላኩን እስኪያረጋግጥልዎ ድረስ ይደውሉ።

5. ሾፌሮች

የፌዴራሉ ሕግ ለሜዲኬይድ ጉዞ ዝቅተኛ መመዘኛ አለው። ሾፌሩ የጸና መንጃ ፈቃድ ይኖረዋል፤ ድርጅቱም ሾፌሩም የፌዴራሉ የጤና መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪ ክፍል፣ ኦአይጂ፣ በሚያወጣው የታገዱ ሰዎች ዝርዝር ውስጥ አይገኙም፤ ድርጅቱ የአደንዛዥ ዕፅ ሕግ መጣስን የሚመለከትበት ሥርዓት እና የሾፌሮችን የትራፊክ ጥፋት ለስቴቱ የሚያሳውቅበት መንገድ ይኖረዋል። ስቴቶችና ብሮከሮች በዚህ ላይ ባክግራውንድ ቼክ፣ የዕፅ ምርመራ፣ ሲፒአር (ልቡ የቆመን ሰው የመርዳት ሥልጠና)፣ የመጀመሪያ ዕርዳታና ፓስ የሚባለውን የተሳፋሪ አያያዝ ሥልጠና ይጨምራሉ። ባለቤቱ ራሱ ቢነዳም ያው ነው። የኦአይጂውን ዝርዝር በየወሩ ፈትሸው ውጤቱን አትመው ያስቀምጡ።

6. ምርመራው

ብዙ ቫን በመጀመሪያው ቀን የሚወድቀው በሞተር ችግር አይደለም። ከመርማሪው በፊት እነዚህን ራስዎ ይሞክሩ።

ኢንተርሎክ፦ ሊፍቱ ወርዶ ሳለ መኪናው መንቀሳቀስ የለበትም፤ መኪናው ፓርክ ላይ ካልቆመ ደግሞ ሊፍቱ መሥራት የለበትም። የድሮ ባለቤቶች ሥራ ለማፍጠን ሽቦውን አገናኝተው ይህን መከላከያ ያልፉታል። ይህን መርማሪ አይምርም፣ መማርም የለበትም፤ ሕመምተኛ መድረኩ ላይ ሳለ መኪና ከተንቀሳቀሰ የሚመጣው ግልጽ ነው።

በመድረኩ ጫፍ ያለው ማገጃ መድረኩ ከመሬት እንደተነሣ መቆም አለበት። ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ሊፍቱን የሚያወርደው የእጅ ፓምፕም ይሥራ፤ ዘንጉ መኪናው ውስጥ ይገኝ። ብዙውን ጊዜ ፓምፑ ደህና ሆኖ ዘንጉ ጠፍቶ ይገኛል።

ማሰሪያ፦ ለእያንዳንዱ ዊልቸር አራት፣ ለሰውየው ደግሞ ለብቻው የወገብና የትከሻ ቀበቶ። ወንበሩን የሚያስረው ሰውየውን አይተካም። ማሰሪያው የሚያያዘው ከወንበሩ ዋና ብረት ጋር ነው፤ ከጎማ፣ ከእጅ መደገፊያ ወይም ከእግር ማሳረፊያ ጋር አይደለም። የኋላው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ፣ የፊቱ ከ40 እስከ 60 ዲግሪ ሲያዘነብል ጥሩ ነው፤ ከታሰረ በኋላ ወንበሩ ወደ የትም ከ2 ኢንች በላይ መንቀሳቀስ የለበትም። ሰውየው ወደ ጎን ዞሮ አይጓዝም። የወለሉ ሐዲድ በአሸዋና በጨው ሲሞላ ማያያዣው የገባ ይመስላል እንጂ አይቆልፍም፤ በቫኪዩም ያጽዱት።

የቀረው በአንድ ሣጥን ይገባል፦ ቀኑ ያላለፈበት የእሳት ማጥፊያ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥን፣ ሦስት አንጸባራቂ ትሪያንግል፣ ቀበቶ መቁረጫ፣ ጓንትና የፈሳሽ ማጽጃ፣ የእጅ መብራት። የኋላው አየር ማቀዝቀዣና ማሞቂያ ይሥሩ። የድርጅቱ ስምና የፈቃድ ቁጥር በጎኖቹ ላይ ይጻፍ፤ ግን ቁጥሩ ሳይወጣ አያስለጥፉ።

7. የሜዲኬይድና የብሮከር ምዝገባ

የስቴቱ የሜዲኬይድ ማመልከቻ 5 በመቶና ከዚያ በላይ ድርሻ ያለውን ሰው ሁሉ ይጠይቃል። ገንዘብ ያዋጣ ወንድም ወይም የትዳር ጓደኛ ባለድርሻ ከሆነ ይጻፍ፤ መደበቁ ውል ያሰርዛል። ብሮከሩ ወረቀቱን በድረ ገጹ ይቀበላል። ፎቶ በስልክ ከማንሳት ስካን አድርጎ እያንዳንዱን ለብቻው መላክ ይሻላል።

ሜዲኬይድ በቀጥታ በሚከፍልባቸው ስቴቶች ለዊልቸር ቫን ጉዞ የሚጻፈው ኮድ ኤ0130 ነው፤ ማይል ለብቻው ሲከፈል ኤስ0209። ለእያንዳንዱ ጉዞ የተነሡበትና የደረሱበት ሰዓት፣ የኦዶሜትር ንባብ፣ የሾፌሩና የተሳፋሪው ፊርማ በዕለቱ ይሞላ። ማታ ቤት ተቀምጦ የተሞላ ወረቀት በኦዲት ጊዜ በሰዓቱ ይታወቃል፤ የተከፈለውም ይመለሳል።

ኢንሹራንስ፣ ምርመራ፣ ሲፒአርና መንጃ ፈቃድ ሁሉም የተለያየ ማብቂያ ቀን አላቸው። አንዱ ሲያልፍ የብሮከሩ ሲስተም ማንንም ሳይጠይቅ ያን ሾፌር ወይም ያን ቫን ይዘጋዋል፤ የነገ ጠዋቱ ዳያሊሲስም ለሌላ ድርጅት ይሄዳል። ቀኖቹን ከ60 ቀን በፊት በስልክዎ ካላንደር ላይ ያስገቧቸው፤ ኢንሹራንሱን ግን ከ90 ቀን በፊት፣ ምክንያቱም ኩባንያው አላድስም ካለ ሌላ ለመፈለግ ጊዜ ይወስዳል።