ከፓሳት ወደ ጎልፍ ስትወርዱ

የምኖረው ጀርመን ነው። ባለ 2.0 ሊትር፣ 190 የፈረስ ጉልበቱን ቮልስዋገን ፓሳት ቫሪያንት (ኋላው ረዘም ያለውን የቤተሰብ መኪና) ሸጬ ባለ 1.6ቱን፣ 115 ጉልበት ያለውን ናፍጣ ጎልፍ ይዣለሁ።

መጀመሪያ ፖርቶባጋሊዮውን እዩ። የፓሳቱ 650 ሊትር ነው፤ የጎልፉ 380። የልጅ ጋሪያችሁን ይዛችሁ ሂዱና ገብቶ በሩ መዘጋቱን አረጋግጡ። ስትሞክሩትም ቤተሰቡን ጭናችሁ አውቶባን (የፍጥነት መንገድ) ውጡ።

ዋናው ለውጥ መቅደም ላይ ነው። ፓሳቱ ነዳጅ ስትሰጡት ይፈተለካል። ጎልፉ ቀድማችሁ ማርሽ ካልቀነሳችሁለት ያቃስታል። ዳገቱ ሳይጀምር አንድ ማርሽ ቀንሱ። በግራ መስመር ከኋላ የሚበር መኪና ካያችሁ አሳልፉት፤ ልጆች ይዛችኋል።

የመኪናው ዓመታዊ ግብር ይቀንሳል፤ ለናፍጣ በየ100 ሲሲው የሞተር መጠን 9.50 ዩሮ ነው፣ በካርቦን ልቀቱ የሚከፈለው ለብቻ። ከተማ ውስጥ አጭር አጭር መንገድ ብቻ የምትነዱ ከሆነ ግን ናፍጣ ይቅርባችሁ። የጭስ ማጣሪያው በደንብ ሳይግል ጥላሸት ይሞላል።