ከባድ ቤዝ ጊታር ይዞ ለሚጀምር ሰው

የመጀመሪያ ቤዜን የገዛሁት መጫወት ካቆመ የሰፈር ልጅ ነው። በቤተ ክርስቲያን የአምልኮ ቡድን ውስጥ ቤዝ የሚይዝ ጠፍቶ ነበርና ደስ እያለኝ ገባሁ። በሦስተኛው እሑድ ግን ግራ ትከሻዬ እሳት ሆነ። ማታ ሹራቤን ለማውለቅ እንኳ እጄ አልነሳም አለኝ።

መጀመሪያ መዝኑት። እኔ መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው ከሚቀመጡት ልጆች ጋ ሄድኩ። አንዴ ቤዙን አንግቤ፣ አንዴ ባዶዬን ቆምኩና ቀነስኩ። 5 ኪሎ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ብዙ ቤዞች 4 ኪሎ አካባቢ ናቸው። እንጨት ከእንጨት ስለሚለያይ አንድ ዓይነት ሞዴል ሆነው እንኳ ክብደታቸው አንድ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ገና ካልገዛችሁ፣ ሻጩ ፊት አሥር ደቂቃ ሙሉ አንግታችሁ ቁሙ።

ቀጥሎ ማንገቻው። ከቤዙ ጋር የመጣልኝ ቀጭን ናይለን ነበር፤ ትከሻ ይቆርጣል። ሰፈራችን ያለው ጫማ ሰፊ 9 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የቆዳ ማንገቻ ሠራልኝ፤ መሐሉ ላይ ስፖንጅ አለው። ሻካራው የቆዳው ፊት ወደ ልብሴ እንዲሆን ለምኜው ነበር። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ትልቁ ችግር ኪሎው ብቻ አይደለም፤ የቤዙ ራስ፣ ማለትም መቃኛ ቁልፎቹ ያሉበት ጫፍ፣ ወደ መሬት መውደቁ ነው። ቁሙና ሁለቱንም እጃችሁን ቀስ አድርጋችሁ ልቀቁ፤ ግራ እጃችሁን ግን ለመያዝ ከአንገቱ ሥር አዘጋጁ። ራሱ ቁልቁል ከሄደ፣ እስካሁን ስትጫወቱ ግራ እጃችሁ ተሸካሚ ሆኖ ነበር ማለት ነው። ጣት እንዴት ይፍጠን? ሻካራ ቆዳ ልብስ ላይ ስለሚይዝ አይንሸራተትም። የቀኝ ክንዳችሁንም የቤዙ ገላ ላይ ጣል አድርጉት። በዚህ ካልቆመ መቃኛ ቁልፎቹን በቀላል መቀየር ይረዳል፤ ከገላው ርቀው ጫፍ ላይ ስለተቀመጡ ጥቂት ግራም እንኳ ለውጥ ያመጣል። ከኋላ ክብደት ማሰር ግን አልመክርም። ሚዛኑ ይስተካከላል፣ ትከሻችሁ ግን የባሰ ይሸከማል።

ቁመቱን ለማስተካከል ማንገቻውን እንዳነገታችሁ ተቀመጡ። ተመችቷችሁ ስትጫወቱ ቤዙ ያለበትን ቦታ ልብ በሉ። ስትቆሙም እዚያው እስኪሆን ማንገቻውን አሳጥሩ። ጉልበት ድረስ ማውረድ ያምራል፤ ግን የግራ እጅ አንጓ ክፉኛ ይታጠፋል።

ቤት ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ተለማመዱ። ቆሞ መጫወቱን በአሥር ደቂቃ ጀምሩና በየሳምንቱ ጨምሩ። ስብከት ሲጀመር እኔ ቤዙን አውልቄ ማቆሚያው ላይ አደርገዋለሁ። ጣት ከደነዘዘ ወይም ሕመሙ ወደ ክንድ ከወረደ ግን አቁሙና ሐኪም ጋ ሂዱ። «ሲለምድ ይተወኛል» ብዬ ሁለት ወር የታገስኩት እስካሁን ይቆጨኛል።

ሰውነታችሁ ትንሽ ከሆነ አጭር ቤዝ ፈልጉ። የተለመደው ቤዝ የክር ርዝመቱ 86 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የአጭሩ ደግሞ 76። ብዙ ጊዜ ክብደቱም ይቀንሳል።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። የቆዳ ማንገቻ ቀዳዳው እየሰፋ ሲሄድ ቤዙ ላይ ከሚሰካበት ቁልፍ ሾልኮ ይወጣል፤ ቤዙም መሬት ነው የሚያርፈው። ከአሮጌ ከመነዳሪ ትንሽ ቀለበት ቁረጡና ማንገቻውን ካስገባችሁ በኋላ ቁልፉ ላይ ወጥራችሁ አጥልቁት። የእኔን ጫማ ሰፊው በነጻ ነው የቆረጠልኝ።